ሃያ ሦስቱ የእረፍት ቀናት

ባለፉት ሳምንታት ላልተከታተላችሁ ነገሩን ላሳጥርላችሁ። ዛሬ ጉዱ የሚፈላበት ቀን ስለሆነ በመግቢያ አላደክማችሁም።

ልጅቷ የምትሠራው በአየር መንገዱ የበረራ ምደባ ክፍል ነው። አንድ አብራሪ ሲታመም ወይም አንድ አውሮፕላን ሲዘገይ፣ ቤቱ እግሩን ሰቅሎ የሚያርፍ ሌላ አብራሪ ፈልጋ "ይድረሱልን" ማለት ሥራዋ ነው። አብራሪዎቹ "እሜቴ ደወል" ብለው ስም አውጥተውላታል። እሷ ስትደውል የአብራሪ ሚስት ሁሉ ከጓዳ "ኧረ አታንሳው! ዛሬ እኮ እረፍትህ ነው!" ብላ ትጮኻለች አሉ። ታዲያ ምን ታድርግ፣ ደሞዝ የሚከፈላት ለዚሁ ነው።

እሱ ደግሞ ረዳት አብራሪ ነው። በአብራሪዎቹ ክፍል ግድግዳ ላይ ከተደረደሩት የፖስታ ሳጥኖች ሰባ ሁለተኛው የሱ ስለሆነ፣ በልቧ "ሰባ ሁለት" ነው የምትለው። ስምንት ወር ሙሉ የተቀራረቡት በስልክ ነው። ያ ስልክ ደግሞ ይቀረጻል። መዳቢ ለወዳጇ ጥሩ ጥሩውን በረራ እንዳታዳላ ተብሎ፣ ከአብራሪ ጋር መወዳጀትም ሆነ የግል ስልክ መለዋወጥ ክልክል ነው። እናም ፍቅራቸው፣ ፍቅር ከተባለ፣ በ"እርስዎ" ታፍኖ የኖረ ነገር ነበር።

"ከምደባ ክፍል ነው። የእረፍት ቀንዎ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን የአሥር ሰዓቱ በረራ ሰው ጎድሎበታል።"

"እመጣለሁ።"

"ሁልጊዜ እመጣለሁ ነው እኮ የሚሉት!"

"ሁልጊዜ እርስዎ ነዎት እኮ የሚደውሉት።"

በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ እሷ ስልኩን ዘግታ ለግማሽ ሰዓት ያህል የሌሎቹን አብራሪዎች ቁጥር እየተሳሳተች ትደውላለች። በኮሪደር ሲተላለፉ ደግሞ እሱ ኮፍያውን ያነሳል፣ እሷ ጫማዋን ታያለች። ለሱ በሚላከው የምደባ ለውጥ ፖስታ ጥግ ላይ ትንሽ አበባ መሣል ከጀመረችም ሰነባብታለች። አንድ ቀን በሩ ላይ ሲገናኙ "አበቦቹ በዝተው ግቢ ሆኑልኝ" ብሎ ሹክ አላት። ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

አሁን ወደ ችግሩ ልምጣ። የአብራሪዎቹና የአየር መንገዱ የኅብረት ስምምነት ጊዜው ካለፈ አሥራ ዘጠኝ ወር ሆኖታል። አሥራ ዘጠኝ ወር! ልጅ ተወልዶ ይራመዳል እኮ። በየወሩ ይሰበሰባሉ፣ ውኃ ይጠጣሉ፣ ይበተናሉ። የኩባንያው የሕግ አማካሪ ባንድ አንቀጽ ውስጥ ስለተቀመጠች ምልክት ብቻ ሁለት ስብሰባ በልቷል። አብራሪዎቹ "ነጠላ ሰረዝ" ይሉታል። ዋናው ጠብ የእረፍት ቀን ነው፤ አብራሪው በእረፍቱ ሲጠራ እምቢ ማለት ይችላል ወይስ አይችልም? የአብራሪዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቁጣቸው ያልሸበተ አንጋፋ ካፒቴን ናቸው። የማኅበሩ ጸሐፊ ሰባ ሁለት ነው። ሊቀመንበሩ ደግሞ፣ አይ ዕድል፣ የልጅቷ አባት ናቸው።

*

ማክሰኞ ጠዋት ኃላፊዋ ጠርተው አንድ ወረቀት ሰጧት። አየር መንገዱ በሚበርባት ደሴት ላይ አዲስ ቢሮ ሊከፈት ነው፤ ለሁለት ዓመት እንድትመራው ተመርጣለች። "ዓርብ ከስድስት ሰዓት በፊት እሺ ወይ እምቢ በይኝ" አሏት።

ሌላ ሰው ቢሆን ይጨፍራል። እሷ ግን ወንበሯ ላይ ተቀምጣ የመጀመሪያ የፍቅር ደብዳቤዋን ጻፈች።

"አንተ ልበልህ፤ 'እርስዎ' ማለት ሰልችቶኛል። ይህ የበረራ ለውጥ አይደለም፣ አትደንግጥ። ደሴቲቱ ላይ ሥራ ሰጥተውኛል። ልሂድ ወይስ ልቅር ብዬ አልጠይቅህም፤ እሱን ራሴ እወስናለሁ። ግን ብሄድ፣ ትቼው የምሄደው ነገር እንዳለ ልወቅ። ካለ ንገረኝ። ከሌለም ንገረኝ፤ አልሞትም።"

"አልሞትም" የሚለውን ሁለት ጊዜ ሰርዛ መልሳ ጻፈችው። ነጭ ፖስታ በሰባ ሁለት ሳጥን ውስጥ ቢታይ ሕንፃው በሙሉ ስለሚያወራ፣ በቢሮው ቢጫ ፖስታ አሸገችው። አበባዋን ጥጉ ላይ ሣለች። ከሌሎቹ የምደባ ለውጦች ጋር ቀላቅላ ሳጥኑ ውስጥ አስገባችውና ተመለሰች።

ያላወቀችው ነገር ቢኖር፣ በዚያው ሰዓት ፎቅ ላይ አብራሪዎቹ ተሰብስበው እንደነበር ነው። ሰኞ ዕለት አሥራ ዘጠነኛው ድርድር ፈርሶ ሁሉም እንደ ተቆጣ ነበር ያደረው። ከዛሬ ጀምሮ የምደባ ክፍልን ስልክ የሚያነሳ አባል አይኖርም፣ የሚመጣውም ቢጫ ፖስታ ሁሉ ሳይከፈት ይመለሳል ብለው ወሰኑ። ሐሳቡን ያቀረበው ማን መሰላችሁ? የማኅበሩ ጸሐፊ!

ከሰዓት በኋላ ስልሳ አራት ፖስታ በላስቲክ ታስሮ ጠረጴዛዋ ላይ ዱብ አለ። ጉድ እያለች አንድ በአንድ መመዝገብ ጀመረች። ሠላሳ ዘጠነኛው ላይ አበባዋን አየች። ገለበጠችው። በቀይ ብዕር፣ በዚያ ውብ የእጅ ጽሑፍ፣ "ሳይከፈት ተመልሷል። 72" ይላል።

አበባውን እያየ! ግቢ ሆኑልኝ ያለው ሰውዬ! ፖስታውን መሳቢያዋ ውስጥ ልትሸሽገው እጇን ስትዘረጋ ኃላፊዋ መጥተው ክምሩን እንዳለ አነሱት። "ይታሸግ ተብሏል፤ ለዓርቡ ድርድር ማስረጃ ነው" አሉ። የስብሰባው መዝጋቢ ወሊድ ላይ ስለሆነች ቃለ ጉባኤውን የምትይዘው እሷ እንደሆነችም ነገሯት። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች።

*

ሐሙስ ቁርስ ላይ አባቷ ጋዜጣ ያነባሉ፣ እሷ ሻይዋን ታማስላለች። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

"አባዬ፣ ትናንት ሦስት ጊዜ ደወልኩልህ እኮ።"

"አይቻለሁ።"

"እማዬ ዳቦ ይዞ ይምጣ ብላ ነበር!"

"ከምደባ ክፍል ስልክ ከሆነ ለዳቦም አላነሳም። ውሳኔ ውሳኔ ነው።" ጋዜጣውን አጠፉት። "ስትመረቂ የት ነበርኩ?"

"ኧረ ተወው አባዬ…"

"አየር ላይ! በእረፍት ቀኔ። ያኔም አንዲት እንዳንቺ ያለች ልጅ ደውላ። እኔስ ጡረታዬ ደርሷል፤ የምጮኸው ለነዚህ ልጆች ነው። ከነሱ ግን አንዱ አቃጥሎኛል። የገዛ ጸሐፊዬ! መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ እረፍት ቀን ሲናገር ያስለቅስሻል፤ በእረፍቱ ሲጠራ ግን እሺ ነው መልሱ። ሰዉ ማማት ጀምሯል። ወይ አሠሪዎቹ ያስገቡት ሰው ነው፣ ወይ እምቢ ማለት የማይችል ልፍስፍስ ነው።"

ልጅቷ ማንኪያውን አስቀመጠች። ተከላክላ ልትናገርለት አፏ ድረስ መጣ። ከዚያ ቀይ ብዕሩ ትዝ አላትና ዋጠችው። እኔን ምን አገባኝ አለች በልቧ፤ ነገ እፈርምና እሄዳለሁ። እንዲህ ብላ ስትወስን ግን ዓይኗ እንባ ስለሞላ፣ ሻዩ አቃጠለኝ ብላ ተነሳች።

*

ዓርብ አራት ሰዓት። ረጅም ጠረጴዛ፣ በግራ አብራሪዎቹ አምስት ሆነው፣ በቀኝ ኃላፊዋና ነጠላ ሰረዝ፣ ጫፉ ላይ እሷ ከነወረቀቷ። መሃል ላይ የታሸገው ሳጥን ተቀምጧል። ሰባ ሁለት ከገባ ጀምሮ ያያታል። እሷ ወረቀቷን ታያለች። እሱ ጉሮሮውን ይጠርጋል። እሷ እርሳስ ትቀርጻለች። እርሳሱ አልቆ ወደ ጣቷ ሊደርስ ምንም አልቀረውም።

ነጠላ ሰረዝ ሳጥኑን በእጁ መታ መታ አደረገ። "ስልሳ አራት ማስታወቂያ ሳይከፈት ተመልሷል። ማኅበሩ የእረፍት ቀን ጥሪ አስመርሮናል ይላል። መልካም።" አንድ ወረቀት አወጣ። "የማኅበሩ ጸሐፊ ባለፉት ስምንት ወራት በእረፍት ቀናቸው ሃያ ሦስት ጊዜ ተጠርተዋል። ስንቱን እምቢ አሉ? አንዱንም። ሃያ ሦስቱንም እሺ! ጥያቄውን የሚያቀርበው ሰው ራሱ ካልተማረረ፣ እኛ አሥራ ዘጠኝ ወር የምንደራደረው ስለ ምንድን ነው?"

ከአብራሪዎቹ አንዱ "ሃያ ሦስት?" አለ በቀስታ። ሊቀመንበሩ ወደ ጸሐፊያቸው ዞሩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። የተከዳ ሰው ፊት ነበር ፊታቸው።

"ልጄ፣ እውነት ነው?"

"እውነት ነው ካፒቴን።"

"ለምን?"

ሰባ ሁለት አፉን ከፈተ። ዘጋው። ከዚያ አንዴ ብቻ፣ ለአንዲት ቅጽበት፣ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ አየ። ዓይን ለዓይን ተጋጩ። እሱ ወዲያው ዓይኑን ሰበረ።

እሷም በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ገባት። ሌሎቹ ከሁለት ጥሪ አንዱን እምቢ ይሏታል፤ እሱ ግን አንድም ቀን እምቢ ብሏት አያውቅም። ምክንያቱን ቢናገር እሷ ከሥራዋ ልትባረር ነው። ዝም ቢል ደግሞ ከሃዲ ሊባል፣ የጓደኞቹ ድካም ሁሉ ገደል ሊገባ። እሱም ዝምታን መርጦ ቁጭ ብሏል! ወይ የኔ ሞኝ አለች በልቧ። ደሴቲቱም፣ ሹመቱም፣ የኃላፊዋ መነጽርም ከፊቷ ጠፉ። ቆማ ነበር። መቼ እንደተነሳች አታውቅም።

"ይቅርታ፣ ሳጥኑ ውስጥ የኔ የሆነ ነገር አለ።"

"መዝጋቢ አትናገርም!" አለ ነጠላ ሰረዝ።

እሷ እሽጉን ቀድዳለች። ፖስታዎቹን እንደ ካርታ ገለባብጣ አበባዋን አገኘች፤ ጠረጴዛውን ዞራ ሄዳም ሰባ ሁለት ፊት አስቀመጠችው። "ይሄ የምደባ ለውጥ አይደለም። እኔ የጻፍኩት ደብዳቤ ነው። ሳይከፍቱት መልሰውታል።"

ሰባ ሁለት አበባውን ሲያይ ፊቱ እንደ ወረቀት ነጣ። "ጀርባ ጀርባቸውን ነበር የምጽፈው" አለ። "ስልሳ አራቱንም ደፍቼ… ፊታቸውን አላየሁም። እግዜር ያውቃል አላየሁም!"

እጁ ወደ ፖስታው ሄደ፤ ከዚያ ግን መንገድ ላይ ቆመ። ምን ትዝ አለው መሰላችሁ? ውሳኔው! "ካፒቴን፣ ቢጫ ፖስታ ያለ ኮሚቴው ፈቃድ አይከፈትም" አለ። በዚህ ሰዓት! ልጅቷ በሳቅና በለቅሶ መሃል ሆነች።

"የራስህ ሐሳብ ነበር" አሉ ሊቀመንበሩ። "ኮሚቴው ድምፅ ይስጥ። ይከፈት የሚል?"

ሦስት እጅ በአንድ ጊዜ ተነሳ። አራተኛው የባለጉዳዩ ስለሆነ አይቆጠርም፣ እሱ ግን እሱንም አንስቶታል። ቀሩ ሊቀመንበሩ። ልጃቸውን አዩዋት። ይቺን ልጅ መቼ እንዲህ አድጋ እንዳመለጠቻቸው የሚያሰሉ ይመስሉ ነበር። ከዚያ እጃቸውን ቀስ አድርገው አነሱ።

ሰባ ሁለት አነበበ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የሱን ከንፈር ያያል። አንድ ጊዜ ፈገግ አለ። "አልሞትም" የሚለው ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቀላ። አጣጥፎ በደረት ኪሱ ከተተውና ተነስቶ ቆመ።

"አማካሪው ለጠየቁት ጥያቄ መልስ አለኝ" አለ። "የእረፍት ቀን ጥሪ ያስመርራል። በእናቴ ቤት ምርቃት ቀን በረራ ላይ ነበርኩ። ከእንቅልፌ ስነሳ የት አገር እንዳለሁ የሚጠፋኝ ጊዜ አለ። ሃያ ሦስቱን ቀን ግን ለኩባንያው አልሰጠሁም። አንዱንም! የሰጠሁት ስልኩ ሲጮህ እሷ ስለሆነች ነው። እምቢ ብላት ሌላ ሰው ጋ ትደውላለች፤ እሱን አልቻልኩም። ጥፋቱ የኔ እንጂ የሷ አይደለም፤ ከሥራ በቀር አንድ ቃል ተናግራኝ አታውቅም። ይሄ ይመዝገብ።"

"ከአጀንዳው ውጭ ነው!" አለ ነጠላ ሰረዝ።

"እርስዎ ላነሱት ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው" አሉ ኃላፊዋ መነጽራቸውን እየወለወሉ። "ይመዝገብ።"

"እንዴ፣ ታዲያ ኩባንያው እረፍታችንን ከፈለገ ለሁላችንም እንዲህ ያለች ደዋይ ይመድብልን!" አለ አንዱ አብራሪ። አሥራ ዘጠኝ ወር ሙሉ ሳቅ ያልተሰማበት ክፍል በሳቅ ተናጋ። ነጠላ ሰረዝ እንኳን ሳይወድ በግድ ጥርሱ ታየ።

ልጅቷ ግን ወንበሯ ላይ ተመልሳ እርሳሷን ይዛ ቀርታለች። መጻፍ አልቻለችም።

"ጻፊው" አላት ሰባ ሁለት ከማዶ። "አንቺው ጻፊው።"

እሷም ጻፈችው። "የማኅበሩ ጸሐፊ እንዳስረዱት…" ብላ ጀመረች፤ ከዚያ በኋላ ያለው መስመር እንባ ወድቆበት ዛሬም አይነበብም።

*

ሊቀመንበሩ የአሥር ደቂቃ እረፍት ጠየቁ። ኮሪደሩ ላይ መጀመሪያ የያዟት እሳቸው ናቸው። ሊቆጡ መስሏት አንገቷን ደፋች።

"እኔ ልፍስፍስ ነው ብዬው ነበር" አሉ። ክርኗን ጨበጥ አደረጉ። "አይደለም።" ይኸው ነው። ኮፍያቸውን አስተካክለው ሄዱ። እሷ ከአባቷ ይህን ያህል ሞቅ ያለ ነገር ከሰማች ዓመታት ሆኗታል።

ኃላፊዋ ተከተሉ። "በቢሮ ፖስታ ለተጻፈ ደብዳቤ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ይደርስሻል" አሉ እንደ ልማዳቸው። ቀጥለው ሰዓታቸውን አዩ። "ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነው። ደሴቲቱስ?"

ያን ጊዜ ሰባ ሁለት በሩን ከፍቶ ወጣ። ኃላፊዋም ወደ መስኮቱ ራቅ ብለው ቆሙ።

ማይክ ሲይዝ የሚያስለቅሰው ተናጋሪ እጁን የሚያደርግበት ጠፋው። "ቅሪ ልልሽ አልችልም" አለ። "ማለትማ እፈልጋለሁ። እሞትልሻለሁ ቅሪ ማለት! ግን ጽፈሻል፤ ራሴ እወስናለሁ ብለሻል። የጠየቅሽው ሌላ ነው። ትተሽው የምትሄጂው ነገር አለ ወይ ነው ያልሽው።"

"እና?"

"አለ። እኔ አለሁ። ከመጀመሪያው ስልክ ጀምሮ ነው ያለሁት። እወድሻለሁ።"

ልጅቷ ግድግዳውን ተደገፈች። ሦስት ቀን የተሸከመችው ድንጋይ ከደረቷ ላይ ሲወርድ እስትንፋሷ ራሱ አዲስ ሆነባት። ያኔ ግን አንድ ነገር ብልጭ አለላት። እዚህ ብትቀር ነገም መዳቢው ናት፣ ነገም ክልክል ናት። ደሴቲቱ ላይ የምትመድበው የምድር ሠራተኞችን ነው። እዚያ ሆና እሱን የሚከለክላት ሕግ የለም!

"እሄዳለሁ" አለች።

ፊቱ ጨለመ። "ደግ" አለ፤ ሊጎብዝ ሞክሮ አላማረበትም።

"ሞኝ! እዚያ ስሆን በረራህን የምመድበው እኔ አይደለሁም። ገባህ? የፈለግኩትን ያህል እጽፍልሃለሁ። የፈለግኩትን ያህል አንተ እልሃለሁ። እኔም እወድሃለሁ፣ ይኸው፣ በኮሪደር ልጩኸው እንዴ!"

"ሁለት ሰዓት በረራ ነው እኮ ደሴቲቱ" አለ፤ ሒሳቡን ከወዲሁ ጀምሯል። "በየእረፍቴ እመጣለሁ።"

"እና ከእረፍትህ ላይ ቢጠሩህስ?"

"እምቢ እላለሁ" አለ ሰባ ሁለት። በሕይወቱ እንዲህ ደስ ብሎት ቃል አልወጣውም። "አሁን ገና እምቢ ማለት አማረኝ!"

እሷ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ አደረገችው። ወደ መስኮቱ ዞራ "እሺ ብያለሁ!" ብላ ለኃላፊዋ ተጣራች። ኃላፊዋ ሳይዞሩ እጃቸውን አወዛወዙ።

ውስጥ ደግሞ ሰዉ ቦታ ቦታውን ይዟል። አብራሪዎቹ ጸሐፊ የላቸውም፤ ኩባንያው መዝጋቢ የለውም። ነጠላ ሰረዝ ተነስቶ በሩን በቀስታ ገርበብ አድርጎ አየ። እጅ ለእጅ ተያይዘው ግንባር ለግንባር ገጥመዋል። በሩን መልሶ ዘጋው፤ ዓይኑን ደጋግሞ አርገበገበ።

"ከእረፍት ቀኑ አንቀጽ ብንጀምርስ?" አለ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ። "ግን አሥር ደቂቃ ይጨመርላቸው።"

"እንስማማለን" አሉ ሊቀመንበሩ። ውኃቸውንም አነሱ። ጠረጴዛውን ግራና ቀኝ የከበቡት ሰዎች ሁሉ፣ በአሥራ ዘጠኝ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ማንም ሰዓቱን ሳያይ ደስ ብሏቸው ተቀመጡ።